ኮረብታው ዐሥር ዓመት እንዲያርፍ

ላንደር ወረዳ፣ ነብራስካ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1987

ለአክስቴ ልጅ ለአርዲስ፣

ይህች ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ፐርዝ ስትደርስ አንቺንም ባለቤትሽን ኬንንም በጤና ታግኛችሁ። እዚህ ብርዱ አላስወጣም አላስገባም ብሎናል፤ ከዚያ በቀር ጌታ ይመስገን፣ ባለቤቴ ኤርሊን ጉልበቱን እያሸ፣ እኔም እሱን እየተቆጣሁ አለን።

ናፍቆት ብቻ ነው ያስጻፈኝ ብል ትስቂብኛለሽ። የገና ካርድ እንኳ ከላክሁልሽ ሦስት ዓመት አልፏል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አያታችን ለአባቴና ለእናትሽ እኩል የተወላቸው ኮረብታ፣ ዛሬ የኔና ያንቺ የሆነው፣ ስንዴ ማብቀል እምቢ ካለ ቆይቷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር አፈሩ ተነሥቶ ጎረቤት ላይ ይራገፋል። አሁን መንግሥት አዲስ ነገር አምጥቷል። እንዲህ ያለውን መሬት ሣር አልብሳችሁ ዐሥር ዓመት ካልነካችሁት፣ በየዓመቱ በኤከር ሃምሳ ዶላር እከፍላለሁ ይላል። ኤርሊን ወሬውን ሲሰማ፣ «ይሄ ሕግ ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ሚሊየነር ነበር፤ አርሶ አያውቅ!» አለ።

ትናንት የወረዳው ግብርና ቢሮ ሄድን። ዱዌይን የሚባለው ሠራተኛ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ኮረብታችንን በቀይ እርሳስ ከበበው። ሲከብበው ያቺ ሦስት ኤከር፣ አያቶቻችን ያሉባት፣ ስንዴ ጎተራ ውስጥ ሰጥሞ የቀረው ልጄ ሮይም ያለባት ጥግ፣ መስመሩ ውስጥ ገባች። ከላይ ሲያዩት መቃብር አይመስልም፣ ሣር ነው። ኤርሊን ሊነግረው አፉን ሲከፍት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥሁት። ሦስት ኤከር ሦስት ኤከር ነው። ማንን ይጎዳል?

አሁን የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ግማሽ ባለቤት ስለሆንሽ ያላንቺ አይሆንም፤ ምዝገባውም በማርች መጨረሻ ይዘጋል። ገንዘቡም እኩል ነው። እባክሽ አትዘግዪብኝ።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ።
ቬልዳ


ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
ማርች 1 ቀን 1987

ለአጎቴ ልጅ ለቬልዳ፣

ደብዳቤሽ ደኅና መሆናችሁን ስለነገረኝ ደስ ብሎኛል። ለኤርሊን ጉልበት ምሕረቱን ይላክለት። እዚህ በጋ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ባሕር ዳር ነው፤ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ፊርማዬን በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ። ስለ ገንዘቡ ምንም አልልም፤ እናንተ እንዳላችሁት ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። እናቴ ሴልማ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ከተማው መቃብር፣ ባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል ተኝታለች። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ባሏን ጥላ ከእርሻ ሠራተኛ ጋር የኖረች ሴት አባቴ አጠገብ አትተኛም» ብሎ ከኮረብታው ከለከላት። ያን ጊዜ እኔ እዚህ ነፍሰ ጡር ነበርሁ፤ መርከቡም ስድስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። ቀብሯ ላይ አልቆምሁም። ዛሬ የተቆጣውም የተቆጣባቸውም ሁሉ አልፈዋል። ወጪውን እኔ እችላለሁ። አስነሥታችሁ አባቷ እግር ሥር አሳርፉልኝ።

ግማሹ የኔ ነው ብዬ አልሟገትሽም፤ ልመና ነው። እስከዛሬ ያልጠየቅሁሽ እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።

አርዲስ


ጁላይ 6 ቀን 1987

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የሣሩን ዘር ዘርተን እንደ ሕፃን ስንጠብቀው ከረምን። ምስጋና ለፊርማሽ፣ ውሉ ጸድቋል። ቼኩ በኦክቶበር ይመጣል አሉን።

ስለ አክስቴ ሴልማ ያልሽውን ዱዌይንን ጠየቅሁት። አይቻልም አለኝ። ከተፈረመ በኋላ ለዐሥር ዓመት መሬቱን አካፋ አይነካውም፤ የአጥር ምሰሶ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈርም። ምን ላድርግሽ? ከመንግሥት ጋር ማን ይነታረካል! በዘጠና ሰባት ውሉ ሲያልቅ፣ ጌታ ካቆየን፣ እንነጋገርበታለን።

ደግሞስ አክስቴ የባቡር ድምፅ ትወድ አልነበር? ሳቂ እንጂ፣ ቀልዴን ነው።

ቬልዳ


ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987

ለአጎቴ ልጅ ለቬልዳ፣

ቀልድሽ ደርሶኛል።

ሕግ ከሆነ ሕግ ነው፣ ሌላ አልጨምርም። እናንተ ግን በሜይ መጨረሻ፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ አሁንም ወደ ኮረብታው ትወጣላችሁ? መቃብሩ እንዴት ተይዟል? ፎቶ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። አያቴ ያሉበትን ካየሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

በረከቱ ይብዛላችሁ።
አርዲስ


ጁን 4 ቀን 1989

ለአክስቴ ልጅ ለአርዲስ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን። ሁለተኛው ቼክ ሲመጣ የቤቱን ጣሪያ አስለወጥን፤ አሁን ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዞ መሮጥ ቀረ። ያንቺን ምን አደረግሽበት? መርከብ ገዛሽ ይሆናል!

ፎቶ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዘገየሁብሽ፣ ይኸውልሽ። ሣሩ ደረት ድረስ ደርሷል። ካላጨድነው መቃብሩ ጨርሶ ይጠፋ ነበር። ሰዉ ምን ይላል? ጎረቤታችን ወይዘሮ ቱላ ባለፈው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ «ቬልዳ፣ ሮይ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ ወይስ ጠፋብሽ?» አለችኝ። እስኪ አስቢው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ምሳ አልበላሁም። በማግሥቱ ኤርሊን ማጨጃውን አውጥቶ ከመንገዱ እስከ መቃብሩ ሁለት መኪና የሚያሳልፍ መንገድ አጨደ፤ ጥጉንም እንደ ምንጣፍ አደረገው። አበባውን በቆርቆሮ አድርጌ ደረደርሁ። ሰላሳ ሰው መጣ። ወይዘሮ ቱላም መጣች፣ አፏን ይዛ ተመለሰች።

እርግጥ ከሜይ እስከ ጁላይ ቆቆቹ እንቁላል ላይ ስለሚተኙ ማጨድ ክልክል ነው ይላሉ። ወንዙ ማዶ ያለ አንድ ገበሬ በጁን አጭዶ አንድ ሰው ጠቆመበትና የበላውን ሁሉ ከነወለዱ ተፋ። እሱ ግን ለከብቱ ድርቆሽ ብሎ ነው። ለሙታን ማጨድ ማጨድ አይባልም። ስንት ቆቅ ይኖራል ሮይ ላይ?

ፎቶው ጀርባ ላይ ቀኑን ጽፌልሻለሁ።

ቬልዳ


ኦገስት 20 ቀን 1989

ለቬልዳ፣

ፎቶው ደርሶኛል፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ቀኑን ስለጻፍሽበት አመሰግናለሁ።

አርዲስ


ኤፕሪል 30 ቀን 1992

ለአክስቴ ልጅ፣

በደስታም በሐዘንም የሚያስታውስሽ ዘመድ አይጥፋ። መርዶ ልነግርሽ ነው። ኤርሊን በኤፕሪል 11 አረፈ። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት እኔን «እማማ» እያለ ይጠራኝ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን እናቱ ሆኜ ሸኘሁት።

የሆስፒታሉ ሒሳብ ከባድ ነው። ካለሽ ላይ እንድትረጂኝ እለምንሻለሁ፤ በኦክቶበር ቼኩ ሲመጣ እመልሳለሁ።

በሥነ ሥርዓት አሳርፈነዋል።

ቬልዳ


ሜይ 16 ቀን 1992

ለአጎቴ ልጅ ለቬልዳ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኤርሊንን በሠርጋችሁ ቀን ሲጨፍር ነው የማስታውሰው፤ ጫማው ጠብቦት ነበር፣ ቢሆንም እስኪነጋ ጨፈረ። ደግ ሰው ነበር፣ ይህን የምለው ከአንገት በላይ አይደለም።

የምችለውን በባንክ ልኬያለሁ፤ አይመለስም።

የት አሳረፋችሁት? አልነገርሽኝም።

አርዲስ


ጁን 28 ቀን 1992

ለአርዲስ፣

ገንዘቡ ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ዘንድሮ በረዶ ስንዴውን መታብን፤ የታችኛው ማሳ ግን ተርፏል። ድመቷ አራት ወልዳለች። ኤርሊን ጥሩ ቦታ ነው ያለው፣ ነፋሻ ነው።

ለኬን ሰላምታ።
ቬልዳ


ሴፕቴምበር 3 ቀን 1992

ለተከበሩ ወይዘሮ ቬልዳ፣

ጤናዎ እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

የወረዳችሁን ሳምንታዊ ጋዜጣ ካገባሁ ጀምሮ ደንበኛ ነኝ። በአየር ፖስታ ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንጂ አንድም ቀርቶብኝ አያውቅም። የኤፕሪል 16ቱ እትም እንዲህ ይላል፦ «ኤርሊን በቤተሰቡ ኮረብታ፣ ከልጁ ከሮይ አጠገብ ተቀበረ። ቆፋሪዎቹ መሬቱ ጠጣር ስለነበር ቀኑን ሙሉ ደክመዋል።»

እኔ ይህን አንብቤ ነው የት አሳረፋችሁት ብዬ የጠየቅሁዎ። እውነቱን ነግረውኝ፣ አርዲስ ይቅር በይኝ ብለውኝ ቢሆን፣ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ስለ ድመት ጻፉልኝ።

አካፋ አይነካውም ያሉበትን ደብዳቤ፣ ቀኑ ያለበትን የ89ኙን ፎቶ፣ የማጨዱን ታሪክ በእጅዎ የጻፉበትን ወረቀት እና ጋዜጣውን ለወረዳው ግብርና ቢሮ ልኬያለሁ። ውሉ ላይ የኔም ፊርማ አለ፤ ስለዚህ የኔንም ድርሻ እንደሚያስመልሱኝ አውቃለሁ። በአምስቱ ዓመት የመጣውን አንድ ሳንቲም ሳልነካ ባንክ አስቀምጬዋለሁ። ዝግጁ ነው። የእርስዎ ጣሪያ ላይ እንደሆነ ነግረውኛል።

አርዲስ


ዲሴምበር 8 ቀን 1992

አርዲስ፣

እርስዎ ማለት ጀመርሽ? አንድ ጎድጓዳ ሰሐን ገንፎ ተሻምተን ያደግን ሰዎች!

ደስ ይበልሽ። ውሉን ሰርዘውታል። አምስቱን ዓመት ከነወለዱ ከነቅጣቱ እስከ ጁን እንድመልስ ታዝዣለሁ። የለኝም። ጣሪያው አለ፣ የሆስፒታሉ ደረሰኝ አለ፣ ሌላ የለም። ዱዌይን ራሱ እንባው መጣ። «ቬልዳ፣ ያኔ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ ያቺን ጥግ በላጲስ አጠፋት ነበር እኮ! መቃብሩን ማን ይነካብሽ ነበር? የሚቀርብሽ በዓመት መቶ ሃምሳ ዶላር፣ እሱንም ከአርዲስ ጋር ተካፍለሽ ነው!» አለኝ። የኤርሊንን እግር ረግጬ ነው ልበለው?

እሺ፣ እውነቱን እንካፈለው። ስለ እናትሽ ዱዌይንን አልጠየቅሁትም። ያኔ ምክንያቴ ሌላ ነበር፤ አባቴ ሲሞት እጄን ይዞ፣ «ሴልማ ወደዚያ እንዳትወጣ» ብሎኛል። ለሞተ ሰው ቃል ስል በሕይወት ያለሽውን አንቺን ዋሸሁ። በድዬሻለሁ። ይኸው አልሁሽ፣ ይቅር በይኝ። ዘግይቷል አትበዪኝ።

ድርሻዬን ካልሸጥሁ ዕዳው አይከፈልም። ግማሽ ኮረብታ ካንቺ ሌላ የሚገዛኝ እንደሌለም ታውቂያለሽ። ግዢው፣ ዋጋውን አንቺ በይ፣ አልከራከርሽም። እናትሽንም አምጪያት፣ አባቷ እግር ሥር አድርጊያት። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሮይና በኤርሊን መሃል ለራሴ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ትቻለሁ። ኤርሊን ሲቀበር ቆሜ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ብዙ አላስጠብቅሽም። መሬቱን ሁሉ ውሰጂ፣ ያቺን ብቻ ተዪልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሮይን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ያለበስሁት እኔ ነኝ፤ አጠገቡ መተኛት ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምን አለኝ?

ተንበርክኬ ነው የጻፍሁት። ከፈለግሽ ይህንንም ለቢሮው ላኪው።

ቬልዳ


ሜይ 22 ቀን 1993

ለተከበሩ ወይዘሮ ቬልዳ፣

ጠበቃዬ ግዢው መፈጸሙን አሳውቆኛል። የተከፈለው ዕዳዎን ልክ ይሸፍናል።

የእናቴ አስከሬን በሴፕቴምበር 18 ይነሣል። ቦታውን በተመለከተ ቆፋሪው መሬቱን አይቶ አያቴ እግር ሥር ድንጋይ ነው ብሎኛል። ከመቃብሮቹ መሃል የሚቆፈር አፈር ያለው በልጅዎና በባለቤትዎ መሃል ብቻ ነው አለ። ሌላም ቦታ አጥሩ ጥግ ይገኝ ነበር፤ ግን እዚያ እንድትሆን ወስኛለሁ። እናቴ በሕይወቷ አንድም ቀን ጥሩ ቦታ ደርሷት አያውቅም።

እኔ ልቤ ስለደከመ ሐኪሜ አውሮፕላን ከልክሎኛል። የወረዳው ደንብ አስከሬን ሲነሣ የሥጋ ዘመድ ቆሞ መፈረም አለበት ይላል፤ እዚያ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለድካምዎ ሃምሳ ዶላር አያይዣለሁ።

ወደ ኮረብታው መውጣት ሲፈልጉ አስቀድመው ለጠበቃዬ ይጻፉ።

አርዲስ


ሴፕቴምበር 20 ቀን 1993

ለአክስቴ ልጅ ለአርዲስ፣

ይህች ወረቀት በጤና ታግኝሽ፤ ከልቤ ነው፣ ዕድሜሽ እንዲረዝም እፈልጋለሁ።

ሃምሳ ዶላርሽ ፖስታው ውስጥ አለልሽ። ላለመሄድ አስቤ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን አክስቴን ቀባሪና ሁለት ቆፋሪ ብቻ ሊያነሷት ነው ብዬ ሳስብ አልቻልሁም። ድንች በወተት ጋግሬ፣ ዳቦ ይዤ ሄድሁ። ሰዎቹ ሲበሉ እኔ ሐዲዱ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሣጥኑ በስብሶ ኖሮ ሲስቡት ተበተነ። ቀባሪው፣ «እትዬ፣ ዞር ይበሉ» አለኝ። «የመጣሁት ለማየት ነው፣ መፈረም ያለብኝ አይቼ አይደል?» አልሁት። እናትሽን አየኋት አርዲስ። ጠጉሯ እንዳለ ነው፣ ያ ቀዩ።

እጆቿ ሥር የትምባሆ ቆርቆሮ ነበር። ክዳኑ ላይ በምስማር ተጭሮ «አርዲስ» ይላል። ቀባሪው ጠርጎ ሰጠኝና፣ «ለልጅየዋ ይልኩላታል» አለኝ። እሺ አልሁ። እንደምልክልሽ እርግጠኛ ነበርሁ፣ ይህን እመኚኝ። ከዚያ አስከሬኑን ተከትለን ወደ ኮረብታው ወጣን፤ ጉድጓዱንም አየሁት። የተቆፈረው በሮይ በኩል ተጠግቶ ነው፤ የሮይ ሣጥን ጫፍ ከታች ይታያል። ሰማያዊ ነበር የቀባነው፣ ቀለሙ አሁንም አለ።

እዚያ ቆሜ ቆርቆሮውን ከፈትሁት። ውስጡ ያለውን ሁሉ አየሁት፣ የተጻፈውንም እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መልሼ ዘጋሁትና አዲሱ ሣጥን ውስጥ እጇ ሥር አስቀመጥሁት፤ ክዳኑንም ራሴ መታሁት። ቆፋሪዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፈር መለሱበት። የሚዘምር ስላልነበረ እኔ ዘመርሁላት።

ልታስወጪው ትችያለሽ፣ መሬቱ ያንቺ ነው። ግን እናትሽን ሁለተኛ ማስነሣትሽ ነው፤ የሥጋ ዘመድም ቆሞ መፈረም አለበት። እኔ አልፈርምም። አንቺም መምጣት አትችዪም።

እኔ ከተማው መቃብር፣ እሷ የተነሣችበትን ቦታ ገዝቻለሁ። ጉድጓዱ የተቆፈረ ስለሆነ ሰውየው ዋጋ ቀነሰልኝ።

እጠላሻለሁ አርዲስ፤ አንቺም እንደምትጠዪኝ አውቃለሁ፣ ምክንያትም አለሽ። ስለ ቆርቆሮው አንድ ነገር ብቻ እነግርሻለሁ፦ ክፉ ነገር አልነበረም። ክፉ ቢሆን እልክልሽ ነበር።

ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ በቆሎውም ደርሷል። ሌላ ማወቅ የምትፈልጊው ካለ ጻፊልኝ፣ እመልስልሻለሁ።

ቬልዳ